በእንስሳት ክሊኒካል ፓቶሎጂ ልሠልጥን ወይስ ልጠብቅ? ለኦሞ ናዳዋ ሐኪም የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሕክምና ተመርቄ ላለፉት አራት ዓመታት በኦሞ ናዳ ወረዳ በአንድ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ እያገለገልሁ ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ ልቤ ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ የደም ስላይድ ማየት አይሰለቸኝም። ባለፈው ክረምት ከስታ የመጣች ፍየል ደም ወስጄ፣ በክሊኒካችን ማሽን ስለሌለ፣ ጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ የሰው ላቦራቶሪ አስመረመርሁ። የወጣው ወረቀት ቀይ የደም ሕዋሷ ከምንም የማይቆጠር፣ ፕሌትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ጥቃቅን ሕዋስ) ግን ከተለመደው በብዙ እጥፍ የበለጠ መሆኑን ይገልጻል። ፍየሏ ግን ቆማ ትበላ ነበር። የሚያስረዳኝ ሰው አጣሁ፤ በእንስሳት ክሊኒካል ፓቶሎጂ ልሠልጥን ብዬ የቆረጥሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን ሁለት መንገድ ከፊቴ አለ። አንደኛው እዚሁ አገር ውስጥ በእንስሳት ፓቶሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ሲሆን፣ ወረዳው ውል አስፈርሞ ሊልከኝ ፈቃደኛ ነው። ሁለተኛው በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሬዚደንሲ (በሥራ ላይ የሚሰጥ የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) እስካገኝ መጠበቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ሁለቱንም ትተሽ የሕዝብ ጤና ተማሪ፣ ሥራ ያለው እዚያ ነው› ይለኛል። ለመሆኑ ሙያው ራሱን ችሎ የቆመ ነው? የትኛውስ ይሻለኛል?» — ግራ የገባኝ፣ ከናዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድሜ ስለ ፍየሏ ልመልስልዎ፤ የቀረው ጥያቄዎ መልስ ከእርሷ ደም ውስጥ ይጀምራልና። የላቦራቶሪው ባለሙያ አላጠፋም፤ ማሽኑም አልተበላሸም። የዚህ ዓይነቱ ማሽን ሕዋሳትን የሚለየው በመጠናቸው ነው፤ ሕዋሳቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፉ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን በሚያውኩት ልክ ትልቁን ቀይ የደም ሕዋስ፣ ትንሹን ፕሌትሌት ብሎ ይመዘግባል። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ በአማካይ ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር (የሕዋስ መጠን የሚለካበት እጅግ ትንሽ መስፈሪያ) ይሆናል፤ የጤናማ ፍየል ግን ከ16 እስከ 25 ፌምቶሊትር ብቻ ነው። ለሰው ደም የተስተካከለ ማሽን እነዚህን ጥቃቅን ሕዋሳት አብዛኛዎቹን ከፕሌትሌት ጋር ይቆጥራቸዋል፤ ስለዚህ ቀዩ ያለቀ፣ ፕሌትሌቱ ደግሞ የበዛ መስሎ ይወጣል። በዚያን ዕለት አንድ የሂማቶክሪት ቱቦ ሞልተው በሴንትሪፊውጅ ቢያዞሩ ኖሮ እውነተኛውን ፒሲቪ፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሳት ከደሙ የሚይዙትን ድርሻ፣ ያገኙ ነበር። የፍየል ሕዋስ ትንሽ ስለሆነ ጠቅጥቆ ለመቀመጥ ከላም ደም ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈልግ ግን አይርሱ።

ቁጥሩ ትክክል ወይም ስሕተት መሆኑን የሚያውቀው፣ የእንስሳውን ዝርያ፣ ናሙናው የተወሰደበትን መንገድና የመሣሪያውን ጠባይ በአንድነት የሚያይ ሰው ነው። ያ ሰው ነው የእንስሳት ክሊኒካል ፓቶሎጂ ባለሙያ የሚባለው። ስለዚህ አዎን፣ ሙያው ራሱን ችሎ የቆመ ነው። የአናቶሚክ ፓቶሎጂ ባለሙያ በድን ከፍቶ፣ ከአካል የተቆረጠ ሥጋ በፎርማሊን አጽንቶና በስሱ ቆርጦ ይመረምራል። የክሊኒካል ፓቶሎጂ ባለሙያ ደግሞ በአመዛኙ በሕይወት ካለው እንስሳ የሚወሰደውን ደም፣ ሽንት፣ የሆድና የደረት ፈሳሽ፣ የመቅኔ ናሙና፣ በመርፌ ከእብጠት የተሳበ ሕዋስ ያነባል፤ የጉበትና የኩላሊት ኬሚስትሪን፣ የደም መርጋት ምርመራዎችንና የላቦራቶሪውን ጥራት ቁጥጥር ይመራል። ሁለቱ ዘርፎች አንድ ግንድ አላቸው፤ ይሁን እንጂ በአንዱ የሠለጠነ ሰው በሌላው እንደ ሠለጠነ አይቆጠርም፤ የሁለተኛ ዲግሪውን ጉዳይ ስናነሣ ይህ ነጥብ ያስፈልገናል።

ይህን ሙያ ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ መጨረስ የማይቻለው ለምን እንደሆነ በሚያውቁት በሽተኛ ላሳይዎ። ሽቦ የዋጠች ላም ወደ ክሊኒክዎ መጣች እንበል። በሰው ወይም በውሻ ሕክምና የለመደ ዓይን ነጭ የደም ሕዋስ ጨምሮ ለማየት ይጠብቃል። የላም መቅኔ ግን በመጠባበቂያነት የሚያስቀምጠው ኒውትሮፊል (አንዱ የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት) አነስተኛ ስለሆነ፣ ብርቱ ቁስለት በድንገት ሲነሣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቁጥሩ ከመጨመር ይልቅ ሊወድቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አጠቃላይ ቁጥሩ በጤናማው ወሰን ውስጥ ይቀመጣል። ቁስለቱን የሚናገረው ፋይብሪኖጅን የተባለው የደም ፕሮቲን ነው። እርሱን ለማወቅ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ሁለት የሂማቶክሪት ቱቦዎችን እንዳይረጋ በኢዲቲኤ በተያዘ ደም ሞልተው ያዞሯቸዋል፤ የአንዱን ፕላዝማ (ከሕዋሳቱ በላይ የሚቀረውን ፈሳሽ) የፕሮቲን መጠን በሚለካው በሬፍራክቶሜትር ያነባሉ፤ ሁለተኛውን በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ ውስጥ ለ3 ደቂቃ አቆይተው፣ እንደገና አዙረው ፕላዝማውን ያነባሉ። በሙቀቱ ፋይብሪኖጅኑ ተቋጥሮ ስለሚወርድ፣ በሁለቱ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት የፋይብሪኖጅኑ ግምት ነው፤ በጤናማ ከብት ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ2 እስከ 7 ግራም ይደርሳል። ይህን ዘዴ ጽፎ ማስተማር ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ፋይብሪኖጅኗ 9 ግራም የሆነች፣ ነጭ ሕዋሷ ግን «ጤናማ» የተባለች ላም ስላይድ ሲቀርብልዎ፣ ያልበሰሉትን ኒውትሮፊሎች ለይተው፣ በሳይቶፕላዝማቸው ላይ ያለውን የመመረዝ ምልክት አይተው፣ ለባለቤቷ «ትታረድ» ወይም «ትታከም» ለማለት የሚያበቃ ፍርድ መስጠቱ ነው። ይህ ፍርድ የሚመጣው በየዕለቱ ስላይድ በማንበብ፣ ካነበቡም በኋላ የሚያርም ሰው አጠገብ በመቀመጥ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ ፊት ከአዋቂ ጋር ያሳለፉት ሰዓት ብዛት፣ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይልቅ የሚያሠለጥንዎ እርሱ ነው፤ የትኛውንም መንገድ ሲመዝኑ መጀመሪያ የምትጠየቀው ጥያቄም ይህችው ናት።

አሁን ወደ ሁለቱ መንገዶች እንምጣ። ብዙ ወጣት ሐኪሞች ሬዚደንሲንና ዲግሪን እንደ አንድ ነገር ስለሚያዩ ውሳኔያቸው ይዛባል። ሁለተኛም ሆነ ሦስተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው፣ በዋናነት ምርምር ማካሄድዎን የሚመሰክር ነው። ሬዚደንሲ ግን በየቀኑ የሚመጡ እውነተኛ ናሙናዎችን በአሠልጣኝ ሥር እያነበቡ የሚሠሩበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ደመወዝ የሚከፈልበት ሥልጠና ነው። በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ይወስዳል፤ ከፒኤችዲ ጋር ሲጣመር ይረዝማል። በመጨረሻው የሚቀመጡለት የስፔሻሊስትነት ፈተና የሚሰጠው በአሜሪካው የእንስሳት ፓቶሎጂ ባለሙያዎች ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ የሙያ አካል ነው እንጂ ተማሪ ተቀብሎ የሚያስተምር ተቋም አይደለም፤ የአናቶሚክና የክሊኒካል ፓቶሎጂ ስፔሻሊስቶችንም ለየብቻ ያረጋግጣል። በአውሮፓም የእንስሳት ክሊኒካል ፓቶሎጂ የራሱ ኮሌጅ አለው፤ እርሱ ደግሞ ከሥልጠናውና ከፈተናው በተጨማሪ የታተመ የምርምር ጽሑፍ ይጠይቃል። እንግዲህ እዚህ የሚማሩት ሁለተኛ ዲግሪ ሬዚደንሲውን አይተካም፤ ሬዚደንሲውን ለማግኘት ግን ዲግሪው፣ ይልቁንም በዲግሪው ጊዜ የሚሠሩት ሥራ፣ በእጅጉ ይረዳዎታል።

በዚህ ምክንያት ምክሬ ግልጽ ነው፦ አይጠብቁ። የውጭው ሬዚደንሲ ቦታ ጥቂት ነው፤ ለአንድ ቦታ ከየአገሩ የሚያመለክተው ብዙ ነው፤ አመልካቹም የሚመዘነው በጉጉቱ ሳይሆን ባነበበው ስላይድ፣ በጻፈው ጽሑፍና በሚመሰክርለት መምህር ነው። ናዳ ተቀምጠው የሚጠብቋቸው ሁለት ዓመታት ከእነዚህ አንዱንም አይጨምሩልዎትም፤ በትምህርት ቢያሳልፏቸው ግን ሦስቱንም ይዘው ይወጣሉ። ሆኖም «ፓቶሎጂ» የሚል ስም ስላለው ብቻ ማንኛውንም ፕሮግራም አይቀበሉ። ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ሥርዓተ ትምህርቱን ጠይቀው ያንብቡት፤ ለክሊኒካል ፓቶሎጂ የተመደበው ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ይቁጠሩ፤ ከዚያም አንድ ቀን ሰጥተው የትምህርት ክፍሉን ላቦራቶሪ በአካል ይጎብኙ። ዓይንዎ ግድግዳው ላይ ካለው የመሣሪያ ዝርዝር ይልቅ ወደ ናሙና መዝገቡ ይሂድ። መዝገቡ ባለፈው ሳምንት ስንት ናሙና ተቀበለ? ማን አነበበው? ውጤቱን የላከው ለሕክምና ነው ወይስ ለአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ብቻ? ኬሚስትሪ ማሽኑ ካለ፣ ሬኤጀንቱ ካለቀ ስንት ጊዜ ሆነው? ከሚመደብልዎ አማካሪ ጋር ተቀምጠው «በሳምንት ስንት ሰዓት አብረን ስላይድ እናያለን?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ በደስታ የሚመልስ መምህር ያገኙበት ቦታ፣ ስሙ የገነነ ባይሆንም፣ ይምረጡት።

ጅማ በዚህ ረገድ ብዙ ያለው ከተማ ነው። የግብርና ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የሰው ሕክምናና የእንስሳት ሕክምና በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሆናቸው ለእርስዎ ትልቅ ዕድል ነው። የሰው ሂማቶሎጂና ሳይቶሎጂ መምህራን የመቅኔ ስላይድ አነባበብን፣ የጥራት ቁጥጥር ቻርት አያያዝን ከእርስዎ መምህራን ጋር ሆነው ሊያስተምሩዎት ይችላሉ። ወደ ቢሾፍቱ ቢያማትሩም መልካም ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው እዚያ ነው፤ ብሔራዊው የክትባት ማምረቻም እዚያው ይገኛል። የሚያመለክቱት የትም ቢሆን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ስለማይቀርልዎ ዝግጅቱን ከወዲሁ ይጀምሩ።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ጥቂት ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ ሁለት ዓመቱን የሚያባክነው በርዕስ ምርጫ ነው። «የእገሌ በሽታ ስርጭት በእገሌ ወረዳ» የሚለው ጥናት ሞልቷል፤ ያንን የሚደግም አንድ ተጨማሪ ጽሑፍ የክሊኒካል ፓቶሎጂ ባለሙያ አያደርግዎትም። የጎደለን ነገር የራሳችን እንስሳት የጤናማ ወሰን ነው። የሆሮ ከብት ፒሲቪ፣ የአልቡሚን፣ የጋማ ጂቲ (የጉበት ኤንዛይም) መጠን ስንት ሲሆን ጤናማ ይባላል? በየክሊኒኩ የምንጠቀምበት ሠንጠረዥ በአብዛኛው በውጭ አገር በሆልስታይንና መሰል ዝርያዎች ላይ የተሠራ ነው። ዝርያው፣ መኖው፣ የጥገኛ ተሕዋስያን ጫናውና የቦታው ከፍታ ሁሉ ቁጥሩን ይለውጣሉ፤ ከፍታ ሲጨምር ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚጨምር ያውቃሉ። ዓለም አቀፉ የሙያ መመሪያ የጤናማ ወሰን ለማውጣት ቢያንስ 120 ጤናማ እንስሳትን ይመክራል፤ ከ40 በላይ ከሆኑም በተለየ የስታቲስቲክስ ዘዴ ማውጣት ይፈቅዳል። 120 ጤናማ ከብት ማግኘት ለናዳ ሐኪም የማይቻል ነገር አይደለም፤ ጥበቡ ጤናማ መሆናቸውን ማረጋገጡ ላይ ነው። በግቤ ሸለቆ ገንዲ (ትሪፓኖሶማ የተባለው የደም ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ) አለ፤ በረግረጉ አካባቢ የጉበት ትል አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን ከብት በአካል መርምረው፣ ፋንድያውን አይተው፣ ደሙን በቡፊ ኮት ዘዴ (ደሙ ከዞረ በኋላ በቀዩና በፕላዝማው መካከል ያለውን ስስ ሽፋን በማየት) ፈትሸው ነው «ጤናማ» ብለው የሚመዘግቡት። ይህ ሥራ በትክክል ከተሠራ በሙያው መጽሔት ላይ ሊታተም ይችላል፤ የበደሌ የክልል ላቦራቶሪም፣ የሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም፣ እርስዎ የነበሩበት ክሊኒክም ይጠቀሙበታል።

ትምህርቱ እስኪጀመር ድረስ ክሊኒክዎን ማሠልጠኛ ማድረግ ይችላሉ። ገንዲ ለተጠረጠረ ከብት ደሙን ከጆሮ ጫፍ ሥር ይውሰዱ፤ ኮንጎሌንስ የተባለው ትሪፓኖሶማ በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የመጣበቅ ጠባይ ስላለው ከአንገት ሥር በተወሰደ ደም ሊያመልጥዎ ይችላል። ስላይዱን እዚያው በረቱ ደጃፍ ላይ ስስ አድርገው ይጎትቱ፣ በነፋስ ያድርቁ፣ በሜታኖል ያጽኑ፤ ቱቦ ውስጥ ያደረ ደም ሕዋሱ ይበላሻል። ጅማ ከተማ ሲገቡ የጋሪ ፈረሶችን ልብ ብለው ይዩ። በእግራቸው ላይ በሊምፍ መስመር ተደርድሮ ከሚፈነዳው እብጠት በጓንት ጥቂት መግል ስበው በጊምሳ ቀለም ቢቀቡት፣ ማክሮፌጅ በተባለው ተሕዋስ ዋጭ ሕዋስ ሆድ ውስጥ ዙሪያቸው ነጣ ያሉ ሞላላ የእርሾ ሕዋሳትን ያያሉ፤ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስን የሚያመጣው ሂስቶፕላዝማ የተባለው ፈንገስ ነው። የውሻ የብልት ዕጢም እንዲሁ በአንድ መርፌ ይለያል፤ ክብ ክብ ሕዋሳት፣ በሳይቶፕላዝማቸው ውስጥም ጥርት ያሉ ትናንሽ ቀዳዳ መሳይ ነጠብጣቦች ይታያሉ። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ፦ ያልተቀባ ስላይድንና ፎርማሊን ያለበትን ብልቃጥ በአንድ ካርቶን አድርገው ፈጽሞ አይላኩ፤ የፎርማሊኑ ትነት ብቻውን ሕዋሱ ቀለም እንዳይቀበል ያደርገዋል፤ በዚህ ምክንያት የሚበላሽ ናሙና ብዙ ነው። ለያንዳንዱ ስላይድ መጀመሪያ የራስዎን ንባብ ይጻፉ፤ ቀጥሎ እንስሳው ምን እንደ ሆነ፣ ከተቻለም ቄራ ወይም በድን ምርመራ ላይ ምን እንደ ተገኘ ጎን ለጎን ይመዝግቡ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በነፃ የከፈተው ኢክሊንፓዝ የተባለው የትምህርት ገጽ ላይ ያሉት ሥዕሎች ንባብዎን ለማመሳከር ይረዱዎታል። ይህ መዝገብ ወደፊት ለሬዚደንሲ ሲያመለክቱ ስለ እርስዎ ከሚጻፍ ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ በላይ ይናገራል።

የውጭውን መንገድ ዝጉት አላልሁም። ከሁለተኛ ዲግሪው በኋላ ሲያመለክቱ ለየዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ በቀጥታ ይጻፉ፤ ከአሜሪካ ውጭ የተመረቀ ሐኪም በምን ሁኔታ እንደሚቀበሉ ከቦታ ቦታ ይለያያልና፣ የአንዱን መልስ ለሁሉም አይውሰዱት። የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት ጊዜው ስለሚያልፍበት አስቀድመው አይፈተኑ። ገንዘቡን በተመለከተ የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የድኅረ ምረቃ ድጋፍ ይሰጣል፤ የቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎችም የዩኒቨርሲቲዎችን ትብብር በሚደግፈው በቭሊር ዩኦኤስ አማካይነት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት ሠርተዋል፤ በዩኒቨርሲቲው ያሉ መምህራንን ስለዚህ ቢጠይቁ ጠቃሚ ሰው ያገኛሉ።

ስለ ወንድምዎ ምክር፦ የሕዝብ ጤና ክቡር ሙያ ነው፤ ሥራ አለው ማለታቸውም ከወንድምነት ፍቅር የመጣ ነው። እውነቱን ለመናገር በወረዳ መዋቅር ውስጥ «የእንስሳት ክሊኒካል ፓቶሎጂ ባለሙያ» የሚል የሥራ መደብ ይጠብቀኛል ብለው አይነሡ። ሥራው ያለው በዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በክልልና በፌዴራል ላቦራቶሪዎች፣ በክትባትና በመድኃኒት ምርምር ውስጥ ነው፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ይሁንና ስላይድ ማየት የማይሰለቻት ሐኪም በመጠይቅና በስብሰባ ሥራ ላይ ብትቀመጥ፣ እርሷም ትደክማለች፣ አገርም አንድ የላቦራቶሪ ሰው ታጣለች ብዬ አምናለሁ። ወንድምዎን ከተቻለ አንድ ቀን ክሊኒክ ወስደው ሥራዎን ያሳዩዋቸው።

በመጨረሻ የወረዳውን ውል በተመለከተ፣ ከመፈረምዎ በፊት ቅጂውን ይዘው የሕግ ዕውቀት ላለው ሰው ያስነብቡ። በተለይ አራት ነገሮች በጽሑፍ መስፈራቸውን ያረጋግጡ፦ በትምህርት ላይ ሳሉ ደመወዝዎ መቀጠሉ፣ ከምረቃ በኋላ የሚያገለግሉት የዓመት ብዛት፣ ሬዚደንሲ ወይም ፒኤችዲ ቢያገኙ የአገልግሎት ግዴታው ለሌላ ጊዜ የሚተላለፍ ወይም በገንዘብ የሚከፈል መሆኑ፣ እንዲሁም ሲመለሱ የሚመደቡበት ቦታ። በአራተኛው ላይ ይደራደሩ፦ ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፊውጅና ሬፍራክቶሜትር ያለው ክፍል እንዲሰጥዎ በውሉ ላይ ይጻፍ። የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ይህን ለመጻፍ ካቅማማ፣ ጥያቄውን በደብዳቤ አቅርበው መዝገብ ቤት ቁጥር ያሰጡት፤ መልሱ እስኪመጣም ፊርማዎን ያቆዩ።